የሳጂዳ ግድግዳ

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ግድግዳውን ተሸክሞ ቤት የሚለቅ ተከራይ ካያችሁ፣ ያ ሰው የሳጂዳ ደንበኛ ነው። ድሮ ሰው የጭቃ ግድግዳውን በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ነበር የሚለጥፈው። ሙጫውን አይጥ ይበላዋል። ክረምት ሲገባ ጋዜጣው ያብጥና እንደ ታመመ ከብት ሆድ ይንጠለጠላል። ተከራዩ ሲወጣ ደግሞ አከራዩ "ግድግዳዬን ገሸለጥክብኝ" ብሎ ይጣላዋል። ሳጂዳ ኑርሁሴን ይህን ሁሉ አይታ የግድግዳ ልብስ መስፋት ጀመረች። ነገሩ ቀላል ነው። ጠንካራ አቡጀዲ ገበር ይሆናል፤ ከላይ ያማረ ጨርቅ ይደረብና ይጠለፍበታል፤ ጫፉ ላይ የጨርቅ ቀለበቶች ይሰፋሉ። ግድግዳው አናት ላይ አንድ ረጅም አጣና ይመታል፤ ቀለበቶቹ አጣናው ላይ ይገቡና ልብሱ ይንጠለጠላል፤ በቃ። ሲቆሽሽ አውርደህ ታጥበዋለህ፣ ሲሰለችህ ትቀይረዋለህ፣ ስትለቅ ጠቅልለህ ትሄዳለህ።

ሰው ሁሉ "የሳጂዳ ግድግዳ" ይለዋል። ሥራው ግን የሁለት ሰው ነበር። ጥልፉን የምትነድፈውም የምትጠልፈውም ጓደኛዋ አጸደ ናት። የአጸደ አባት የብራና መጽሐፍ ጠራዥ ነበሩ፤ ለሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት እቤታቸው ቁጭ ብለው ሲጠርዙ እያየች አደገች፤ የጥራዙን ሰንሰለት ስፌት ወደ ጨርቅ ያመጣችው እሷ ናት። ከሩቅ ሲያዩት የተሸመነ ይመስላል እንጂ እጅ የነካው አይመስልም። ሳጂዳ ደግሞ ትቆርጣለች፣ ትገጣጥማለች፣ ገበሩን በመኪና፣ ጠርዙን በእጅ ትሰፋለች። ልጃገረድ ሳሉ ጀምሮ እንዲህ ነው የኖሩት፤ ባል አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ አንዷ ባሏን ፈትታ አንዷ ባሏን ቀብራ፣ በአንድ በረንዳ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰንሰለት ጥልፍ መጨረሻው ካልተዘጋ ጫፉን ይዘህ ብትስበው እስከ መጀመሪያው ድረስ እየተፈታ ይመጣል። ያችን የመጨረሻ ቋጠሮ "መዝጊያ" ይሏታል። አጸደ የጠለፈችውን የምትዘጋው ሳጂዳ ናት። ሳጂዳ የሰፋችውን ጠርዝ የምትዘጋው አጸደ ናት። "አንችም የኔ ነው እንዳትይ፣ እኔም የኔ ነው እንዳልል" ብለው በልጅነት እንደ ቀልድ የጀመሩት ነው፤ እንደዚያው ጸንቶ ቀረ። አንዷ ብትታመም ሥራው ክሩን አንጠልጥሎ ይጠብቃታል። ደንበኛ ቢጮህም ይጠብቃታል። ሳጂዳ በሕይወቷ የራሷን ሥራ ዘግታ አታውቅም፤ አጸደም እንደዚያው ናት ብላ ነበር የምታምነው።

ነገሩ የመጣው በፈንታሁን በኩል ነው። ፈንታሁን አብሯቸው ያደገ ሰው ነው፤ ነግዶ ነግዶ ሐይቁ ዳር የእንግዳ ማረፊያ ከፈተ። ለአዳራሹ ከአዲስ አበባ የሚለጠፍ የግድግዳ ወረቀት አመጣ፤ ዲዛይነር የነደፈው፣ ከጀርባው ተልጦ የሚለጠፍ፣ ሲያሻህ ያለ ጣጣ የሚነሣ። የሐይቁ እርጥበት ግን እንኳን ለወረቀት ለሰውም አይመች። ወረቀቱ በአንድ ክረምት ጥግ ጥጉን ተጠቀለለ። ሲያነሡት ቀለሙንም ኖራውንም ይዞ መጣ።

"ተነቃይ ነው ብለው ነበር የሸጡልኝ" አለ ፈንታሁን በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብሎ።

"ተነቅሏል እኮ" አለችው ሳጂዳ። "ከነግድግዳው ሆነ እንጂ።"

አጸደ ሳቀች። ፈንታሁንም ሳይወድ ሳቀ። ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲከበር አዳራሹን ለስብሰባ ይሰጣል፤ ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ፤ ግድግዳው ላይ የባንዲራ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ ተሠርቶ እንዲታይ ይፈልጋል። እንደ እነሱ ግድግዳ በቀለበት የሚንጠለጠል፣ እያንዳንዱ ለየብቻው የሚወርድ።

"ለየብቻው ለምን?" አለች ሳጂዳ።

"ነገ የሚሆነው አይታወቅማ።"

"የፈራኸውን እያወረድክ ልትኖር ነው?"

"አንች ደግሞ ነገር አትፈልፍይ። ትሠሩታላችሁ አትሠሩትም?"

ሠሩት። ታሪኩን ያስጠኗቸው ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህር ጋሽ ዝናቡ ናቸው። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው በከዘራቸው አፈሩ ላይ እየጫሩ አስረዷቸው። መጀመሪያ ሦስቱ ቀለሞች ለየብቻ የሚውለበለቡ ቁራጮች ነበሩ። ኋላ ተሰፉና አንድ ሆኑ፤ ያኔ ቀዩ ነበር ላይ።

"ቀዩ ላይ?" አለች ሳጂዳ። "ታዲያ ማን ገለበጠው?"

"ዘመን ነዋ ልጄ።"

"ዘመን መርፌ አይዝም ጋሽ ዝናቡ። አንድ ሰው ነው።"

እሳቸውም ሳቁና ቀጠሉ። አረንጓዴው ወደ ላይ ወጣ። አንበሳው መጣ፣ ዘውድ ደፍቶ ኖረ፤ ንጉሡ ሲወርዱ ዘውዱ ወለቀ፣ ቆይቶ አንበሳውም ተነሣና ልሙጡ ቀረ። ሰማንያ ዓመተ ምሕረት ላይ ዓርማ ገባበት። መንግሥት ሲወድቅ ዓርማው ወጣ፣ እንደገና ልሙጥ ሆነ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሰማያዊው ክብና ኮከቡ ተቀመጠ።

"ልሙጧ ሁለት ጊዜ ትመጣለች ማለት ነው" አለች አጸደ፤ ቀና ብላም ሳጂዳን አየቻት። አጸደ ምን ልትል እንደሆነ ለሳጂዳ ገብቷታል።

"አይሆንም" አለች።

"ገና ምን አልኩ?"

"ያባቴን ባንዲራ ልትይ ነው። አይሆንም።"

የሳጂዳ አባት ኑርሁሴን የትምህርት ቤት ዘበኛ ነበሩ። ጠዋት ባንዲራውን ሰቅለው፣ ማታ አውርደው፣ አፈር ሳይነካው አጥፈው ነው የኖሩት። አንበሳው ከተነሣ በኋላ የሰቀሏት ልሙጥ ባንዲራ ወፍራም፣ ዝናብ የማይበግራት ጨርቅ ነበረች። ዓርማ ያለበት አዲሱ ሲመጣ "አሮጌዋንስ ምን ላድርጋት?" ብለው ጠየቁ፤ መልስ የሰጠ የለም። አጠቧት፣ አጠፏት፣ ሣጥን ውስጥ አስቀመጧት። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲወድቅ ዓርማ ያለበት ወረደ፤ ትምህርት ቤቱም የሚሰቅለው አጣ። ሁሉም በየቤቱ በሩን ዘግቶ በነበረበት ሰሞን ኑርሁሴን ሣጥናቸውን ከፈቱ፣ ያችኑ ባንዲራ አውጥተው ሰቀሏት። የሚያይ ተማሪ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ጠዋት ሰቀሉ፣ ማታ አወረዱ። ኮከቡ ሲመጣ እንደገና አጥበው መለሷት። "ሁለቴ አገልግላለች፤ ከእንግዲህ ጡረታዋን ትብላ" ይሉ ነበር። ሲሞቱ የሳጂዳ ወንድሞች መሬቱን ተካፈሉ፤ እሷ ሣጥኑን ወሰደች።

አጸደ ቶሎ የምትተው ሰው አይደለችም። "ሣጥን ውስጥ ብል ሊበላት ነው" አለች። "አብዬ ኑርሁሴን ሣጥን ውስጥ ላድርጋት ብለው ነው እንዴ ሰው ሁሉ በሩን ሲዘጋ ወጥተው የሰቀሏት? ሰው ይያት።" ደግማ ደጋግማ አለች። ሳጂዳ በመጨረሻ ልቧ የራራው፣ አጸደ የሳጂዳን አባት "አብዬ" ስትል ነው። የአጸደ አባት ቀድመው ነበር የሞቱት፤ ኑርሁሴን ለዒድም ለገናም ለሁለቱም እኩል ልብስ እየገዙ ነው ያሳደጓቸው።

"መርፌ አይነካትም" አለች ሳጂዳ። "ቀለበትም አልሰፋባትም። የራሷ የገመድ ማስገቢያ አላት፤ በዚያ ዘንግ አሳልፌ አንጠለጥላታለሁ። ሲያበቃ ወደ ሣጥኗ።"

"መርፌ አይነካትም። የአባቴ አጥንት ይውቀሰኝ" አለች አጸደ።

ሌሎቹን ሰፏቸው። አጸደ አንበሳውን ስትጠልፍ ጎፈሩ ላይ አምስት ዓይነት ቢጫ ክር ተጠቀመች፤ ሳጂዳ ዘጋችላት። የሰማያዊውን ክብና የኮከቡንም ዘጋችላት። ልሙጧን ከዓርማውና ከኮከቡ መሐል፣ መጨረሻ በተሰቀለችበት ቦታ አንጠለጠሏት። ፈንታሁን ወደ ኋላ ሄዶ፣ ወደ ፊት መጥቶ አየና "የሳጂዳ ግድግዳ ማለት ይኸ ነው" አለ። አጸደ መቀሷን ወደ ቦርሳዋ ከትታ ቀድማቸው ወጣች።

በማግስቱ ከአምባሰል መልእክት መጣ። ከውጫሌ በላይ ባለው ገጠር የምትኖረው የሳጂዳ ታናሽ እህት ኑርሀያት ምጥ ይዟታል። ሳጂዳ ወደ ውጫሌ ተሳፈረች፤ ከዚያ ወዲያ በእግሯ ወጣች። ስልክ የማይሠራበት ቀበሌ ነው። ኑርሀያት ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ ሳጂዳ አራሷን አርሳ፣ ልጁን አጥባ፣ የበዓሉ ዋዜማ ሲደርስ ተመለሰች። ከአውቶቡስ እንደ ወረደች ወደ ቤቷ አልሄደችም። አዳራሹ ለእንግዳ ተዘጋጅቶ ምን እንደሚመስል ልታይ ቀጥታ ወደ ማረፊያው አለፈች።

ወንበር እየተደረደረ ነበር። መጀመሪያ ያየችው የጎኑን ግድግዳ ነው። ሦስቱ ቁራጮች፣ ቀይ ላይ የሆነው፣ አንበሳው፣ ዓርማው፣ ኮከቡ። ልሙጧ የለችም። ክፍተትም የለም፤ ቀለበቶቹን አንሸራትተው፣ የቀሩትን አጠጋግተው አስተካክለዋቸዋል። ማንም ቢያይ የጎደለ ነገር አለ አይልም። ለዚህ ነበር ቀለበት የምታደርግላቸው፤ በቀላሉ እንዲንሸራተቱ።

ከዚያ ዞር ስትል አየቻት። ከመድረኩ ኋላ፣ ከእንግዶቹ ወንበር በላይ፣ የአባቷ ባንዲራ ግድግዳውን ሞልታ ተሰቅላለች። መሐሏ ላይ በሰንሰለት ስፌት የተያዘ ሰማያዊ የጨርቅ ክብ፣ ክቡ ላይ ቢጫ ኮከብ።

ሳጂዳ ኮከቡን ጠልታው አይደለም። ኮከብ ያለው በራሷ እጅ ተሰፍቶ እዚያው ጎን ላይ ተንጠልጥሏል፤ ደስ ብሏት ነው የሰፋችው። ግን አባቷ ያን አልሰቀሉም። እሳቸው የሰቀሉት ይህችኑ ነው፣ ልሙጥ እንዳለች።

"እንኳን ደስ ያለሽ፤ ኑርሀያት ተገላገለች ወይ?" አለ ፈንታሁን ከኋላዋ። "አማረ አይደል?"

"ምንድን ነው የሠራኸው?"

"አዲስ ሕግ ወጥቷል ይላሉ፤ ልሙጡን መስቀል አይፈቀድም። አንበሳው ታሪክ ነው፤ ዓርማውም ታሪክ ነው፤ ማንም አይቆጣበትም። ልሙጡ ግን ገና ታሪክ አልሆነም፤ ሰው አሁንም ይዞት ይወጣል። እንግዶቼ ፊት ምን ልበል?"

"ማውረድ ነበራ። አውርደህ፣ አጥፈህ፣ እስክመጣ ማስቀመጥ። የሚወርድ አድርጉልኝ ያልከው አንተ አይደለህ?"

"አስቤ ነበር። ግን ለመድረኩ ከገበያ ያመጣሁት ባንዲራ ስስ ነው፤ መስኮቱ ላይ ብታደርጊው ማዶ ያሳያል። ያባትሽ ግን ባንዲራ ነው፤ እንዲህ ያለ ጨርቅ ዛሬ የት ይገኛል? ፊት ለፊት ያደረግኋት አክብሬ እኮ ነው።"

"ማን ሰፋው?" አለች። የጠየቀችው ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። በዚህ አገር እንደዚያ ያለ ሰንሰለት የምትጥል አንዲት ሴት ብቻ ናት።

"አጸደ ናታ። እኔ መርፌ እይዛለሁ?"

"እሽ አለችህ?"

ፈንታሁን ወንበሮቹን ተመለከተ። "መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። ኋላ የክፍሎቹን ግድግዳ ሁሉ አንች አልብሽው፣ በራስሽ ስም ይሁን አልኳት። በሩ ላይም ይጻፋል አልኳት።"

ሳጂዳ አንድ ወንበር ጎትታ ወጣችበት። ፈንታሁን "ምን ልታደርጊ ነው?" ይላል። የባንዲራዋን ጠርዝ ገለበጠችና የጥልፉን ጀርባ ፈለገች። አንድ ተስፋ ነበራት። አጸደ መዝጊያውን ትታው ከሆነ፣ ክሩ ተንጠልጥሎ ከሆነ፣ ያ ማለት ስትጠልፍ ሳጂዳን እያሰበች ነበር ማለት ነው። ተገድጄ ነው፣ ስትመጪ ሳቢው፣ ይፈታል ማለት ነው። ሃያ ዓመት ያለፈው ልማድ እጅን በቀላሉ አይለቅም። በጣቷ ክቡን ዞረችው፤ ሰማያዊውን፣ ከዚያ የኮከቡን አንድ አንድ ጫፍ።

አገኘችው። ተዘግቷል። ቋጠሮዋ እንደ ሰሊጥ ፍሬ ያነሰች፣ ክሩ ውስጥ ተመልሳ የገባች፣ ለዓይን የማትታይ ናት። ሳጂዳ ራሷ ለአጸደ ከዘጋቻቸው መዝጊያዎች ሁሉ ይህኛው ያምራል። ተለማምዳበታለች እንጂ የመጀመሪያዋ አይመስልም።

"ወንበሩን ያዝልኝ፤ ይወዛወዛል" አለች።

ፈንታሁን ምን እንደነካው እንጃ፣ ያዘላት። ዘንጉን ከአጣናው ስታወርድ ነው የባነነው።

"ሳጂዳ፣ ነገ ጠዋት እንግዳ አለብኝ።"

"ስሱን ስቀለው።"

"ከነገ በኋላ ወስደሽ የፈለግሽውን አድርጊያት። ግማሽ ቀን ነው የለመንኩሽ።"

"አንተ አትለምነኝ፤ ያንተ አይደለም ጥፋቱ። አንተ ነጋዴ ነህ፤ ጥሩ ጨርቅ አየህ፣ ፈለግኸው።" ከወንበሩ ወረደች፤ ባንዲራዋን መሬት እንዳትነካ በክንዷ ላይ ሰብስባ አጠፈቻት። መድረኩ ኋላ የድሮው ወረቀት የገሸለጠው ግድግዳ ተገልጦ ቀረ፤ ኖራው የለ፣ ጭቃው ይታያል። ወንበር የሚደረድሩት ሰዎች ቆመው ያያሉ። እሷ በመሐላቸው አልፋ ወጣች።

እቤቷ ስትደርስ በር ላይ ቁጭ አለች፤ ብርሃኑ ገና ነበር። መዝጊያውን በምላጭ ቆረጠችና ሳበችው። ሰንሰለቱ ጠር ጠር እያለ ተፈታ፤ ኮከቡም ክቡም ጭኗ ላይ ወደቁ። ጨርቁን ወደ ፀሐይ ስታነሣው ግን የመርፌው ቀዳዳ ዙሪያውን ብርሃን አስገባ። ክብ ሆኖ፣ በመሐሉ ኮከብ ሆኖ። እርጥብ ጨርቅ አድርጋ አሸችው፤ በጥፍሯ ፋቀችው። ወፍራም ጨርቅ ሲወጋ አይረሳም፤ ቀዳዳው አልተደፈነም። በየትኛውም በኩል ብትይዘው፣ የሌለው ኮከብ በፀሐይ ይታያል።

አጸደ የመጣችው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆመች፤ ሌላ ጊዜ ጫማዋን አውልቃ ቀጥታ ትገባ ነበር።

"ለኑርሀያት እንኳን ማርያም ማረቻት" አለች።

"አልሐምዱሊላህ።"

"ስልክሽን ሞክሬ ነበር። አይሠራም።"

"ቢሠራ ትጠይቂኝ ነበር?"

አጸደ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። "ክር ነው እኮ ሳጂ። ይፈታል። ይኸው ፈታሽው።"

ሳጂዳ ባንዲራዋን አንሥታ ወደ ብርሃኑ ዘረጋችላት። አጸደ አየች። ፊቷን ወደ ግቢው አዞረች።

"የአባትሽን አጥንት ምስክር አድርገሽ" አለች ሳጂዳ።

"ሃያ ዓመት" አለች አጸደ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። "ሃያ ዓመት የሳጂዳ ግድግዳ ሲባል እሰማለሁ። አበባውን የነደፍኩ እኔ፣ ወፉን የጠለፍኩ እኔ። ውጫሌ ብሄድ የሳጂዳ ግድግዳ፣ ሠርግ ብጠራ የሳጂዳ ግድግዳ። ልጄ ሕሊና እንኳ ለጓደኞቿ እናቴ ሳጂዳ ዘንድ ነው የምትሠራ ትላለች።"

"እኔ ብያለሁ?"

"አላልሽም። ሲሉ ዝም አልሽ።"

ይኸኛው ሳጂዳን ወጋት። እውነት ነው፤ ዝም ብላለች፤ ደስም ይላት ነበር። "ይኸን ለኔ መናገር ነበረብሽ" አለች በመጨረሻ። "ፊቴ ላይ። ቢያስፈልግ በረንዳው ላይ ስምሽን በቀለም እጽፈው ነበር። አንች ግን ለኔ ያልተናገርሽውን በአባቴ ላይ ጠለፍሽው።"

አጸደ ለሌላ ጉዳይ እንደ መጣ ሰው፣ ወደ ቤቱ ውስጥ ተመለከተች። ጥግ ላይ ከሳጂዳ መሄድ በፊት ጠልፋ የጨረሰችው የሙሽራ ቤት ግድግዳ ልብስ ተጠቅልሎ አለ፤ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ላሉ ሰዎች ነው፤ ሠርጉ ደርሷል። መዝጊያው ብቻ ነው የቀረው፤ ክሩ ከጥቅሉ ወጥቶ ተንጠልጥሏል።

"እሱን ዝጊልኝና ልውሰደው" አለች፤ ድሮ በምትልበት ድምፅ። "ሰዎቹ ይጠብቃሉ።"

ሳጂዳ ተነሥታ ጥቅሉን አመጣች። ክሩን በጣቷ አንሥታ አየችው፤ ከዚያ እንደተንጠለጠለ ጥቅሉን አጸደ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

"ትችያለሽ" አለቻት። "አይቻለሁ። ከኔ ይልቅ ያምርልሻል።"

አጸደ ጥቅሉን ይዛ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ክሩ እንዳይጎተት በመዳፏ ይዛ በሩን አልፋ ሄደች። ሳጂዳ እስከ መንገዱ በዓይኗ አልሸኘቻትም። ባንዲራዋን አጥፋ ሣጥኗ ውስጥ መለሰች፤ ሰማያዊውን ክብና ኮከቡን ግን አልጣለችም፤ እነሱንም ጠቅልላ ከሥሯ አስቀመጠች። ምን ታድርጋቸው? እነሱንም የሠራቸው እጅ አለ።

ከዚያ የራሷን ሥራ አነሣች፤ ለአንድ አስተማሪ የሚሆን የመኝታ ቤት ግድግዳ። ጠርዙን እየሰፋች ፀሐይ ዘቀዘቀ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ፣ ዓይኗን ከጨርቁ ሳታነሣ፣ እጇ እንደ ለመደው ሥራውን ወደ ጎን ዘረጋ፤ አጸደ ወደምትቀመጥበት በኩል። እዚያው ተዘርግቶ ቆየ። መለሰችው። መርፌውን አዙራ ዘጋችው፤ ቋጠሮው እንደ ሽምብራ ፍሬ ትልቅ ሆኖ ወጣ። በጥርሷ ጨመቀችው። አላነሰም።